እናቴ የፈራችው ትምህርት

ከቤት የወጣሁ ለት ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አድሮ የጉና መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። አባባ በቅሎዋን ለእኔ ሰጥተው እስከ ገሳይ በእግራቸው ሸኙኝ። ሚኒባስ ላይ ሲያሳፍሩኝም ለረዳቱም ለተሳፋሪውም «ሐኪም ልትሆን ቱርክ አገር ነው የምትሄድ» ብለው ተናገሩ። ገና ሐሙሲት ሳንደርስ አንድ ሽማግሌ ሱሪያቸውን ሰብስበው ያበጠ ጉልበታቸውን አሳዩኝ። ምን ልበላቸው? ገና አልተማርኩም ለማለት አፈርኩና ብዙ አይቁሙ አልኳቸው፤ መርቀውኝ ወረዱ።

እዚህ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብርዱ ለጉና ልጅ ብርቅ አይደለም። የገረመኝ ቁርሱ ነው፤ እኛ በትር የምናደርገውን፣ የወተት ዕቃ የምናጥንበትን ወይራ፣ እነዚህ ፍሬውን በጨው ዘፍዝፈው ከዳቦ ጋር ይበሉታል። እሱንስ ለመድኩት። ቋንቋው ነው አልገባ ያለኝ። ዳቦ መግዛት እችላለሁ፤ ዳቦው ደርቋል ብዬ መከራከር ግን አልችልም።

ባለፈው ሳምንት የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊዋ ጠራችኝ። ሕክምናን «ትፕ»፣ ፋርማሲን «ኤጅዛጅሊክ» ይሉታል፤ አንዱን መርጬ እስከ ዓርብ ፎርሙን መመለስ ነበረብኝ። ሕክምና የቋንቋ ፈተና አለው፤ ከወደቅሁ ነፃ ትምህርቱ ተሰርዞ ወደ አገሬ ነው። ለፋርማሲ ግን ያለኝ ውጤት ይበቃል። እኔ እኮ በአገሬ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ አልኳት።

«በአገርሽ ቱርክኛ አይወራም» አለችኝ ሻይዋን እያማሰለች። እውነቷን ነው።

ሐሙስ ለት ፋርማሲ ላይ ምልክት አደረግሁ። ከማስረከቤ በፊት ለቤት ልንገር ብዬ ስደውል እማዬ አነሳች። ስለ መድኃኒት ልማር ነው አልኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«አንች ልጅ፣ ይህን ለሌላ ሰው ነግረሻል?» አለችኝ።

ያኔ ነው የነቃሁት። በእኛ አገር መድኃኒት ታውቃለች የተባለች ሴት ቤት ሰው ጠላ አይቀምስም፤ በመጠጥ አድርጋ ታሳብዳለች ይባላል። የታናሽ እህቴ ሠርግ ደግሞ ለጥር ተቆርጧል። ፋርማሲ ማለቴ ነው ብላት፣ እሱማ ሱቅ አይደል፣ ለሱቅ ባሕር ተሻግረሽ? አለች። መድኃኒት የሚቀምም የተማረ ሰው ማለት ነው ስላት «የሚቀምም» የሚለው ጭራሽ አስደነገጣት። ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ።

አባባ ስልኩን ተቀበሏት።

«እናትሽ ምን ሆና ነው? ሕክምናው ቀረ እንዴ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ፤ ሆዳቸውን ካመማቸው ሰንብቷል፣ ጎረቤቶቹ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ሄደህ ታይ ይሏቸዋል።

«ልጄ ሐኪም ሆና እስክትመጣ ሆዴን ለባዳ አልገልጥም ብያቸዋለሁ።»

ነገውኑ ሄደው እንዲታዩ ለመንኳቸው።

«አንች እያለሽልኝ?»

«ትምህርቱ ስድስት ዓመት እኮ ነው አባባ።»

«ስድስት ዓመት ምን አላት፣ ትደርሳለች።»

አዎ ሕክምና ነው ብላቸው ደስ ብሏቸው ይጠብቁኛል፤ የሚያስፈራኝም መጠበቃቸው ነው። እውነቱን ብነግራቸው ደግሞ ልባቸው ይሰበራል። ሐኪም አልሆንም አባባ፣ ሕክምናው ቀርቷል፣ እባክዎ ነገ ይሂዱ አልኳቸው።

«እንግዲያ ማንን ልጠብቅ?» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለእማዬ አላወቅሁም።