ያላደረስሁት ቃል

ይህን ለሚስቴም፣ ጁምዓ አጠገቤ ለሚሰግደው ሰውም ነግሬ አላውቅም። እናንተ ስሙኝና ፍረዱኝ።

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለችው መንደራችን ሰይድና አያ ጌታው ድንበርተኞች ነበሩ። አንዱ መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ እንጂ በሬያቸውን አቀናጅተው ያርሱ ነበር። አመሻሽ ላይ አያ ጌታው ቦዩን እየከፈተ በአምባሰል ሲያንጎራጉር ሰይድ ከማዶ ይቀበለው ነበር። ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ክረምቱ ቀድሞ በወጣበት ዓመት በመስኖ ተራ ተጣሉ። ሰይድ “ውሃዬን ሰረቀኝ” ብሎ ዱላ አነሳ። ለውጥ መጣ ተብሎ የተጨፈረበት ደስታ ደብዝዞ፣ ከሰሜን የጦርነት ወሬ የሚሰማበት ጊዜ ነበር።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ወጋችን ያምር ነበር፤ ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ቄሱ ይመርቃሉ፣ የተቆጣ ሰው እስኪወጣለት ይናገራል፣ ማንም አያቋርጠውም። ደም የተቃቡ ሰዎች በዚያ ወግ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

እኔ የሁለቱም ጎረቤት ነኝና ቃል እንዳመላልስ ተላክሁ። ነገሩ እስኪያልቅ ድረስም የሁለቱ ውሃ በከንቱ እንዳይፈስ ወደ እኔ ማሳ ይለፍ ተባለ። ሽንኩርቴ እንደዚያ አምሮ አያውቅም።

አያ ጌታው ማሳው ዳር ጠራኝ። “ሙሄ፣ እውነቱን ነው፤ ውሃውን በስውር ወደ ማሳዬ የመለስሁት እኔ ነኝ። አፉ ይበለኝ፣ ይቅር ይበለኝ በልልኝ። እሺ ካለኝ ነገ ቤቱ እሄዳለሁ” አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሰይድ ዘንድ ሄድሁ።

“ምን አለ?”

“ምንም አላለ” አልሁ። ለአያ ጌታውም “ገና አልበረደለትም፣ ታገስ” አልሁት።

እኔ ነኝ ያልሁት። ማን አስገደደኝ? ሽንኩርቱ እስኪደርስ ብቻ ነው፣ ከዚያ አስታርቃቸዋለሁ እያልሁ ራሴን ሸነገልሁ። ሽንኩርቱ ሳይደርስ ጦርነቱ ደረሰ። መንደሩ ተበተነ፤ ሽንኩርቴን ማን እንደነቀለው እንኳ አላውቅም። አያ ጌታው በተፈናቀለበት ታሞ እዚያው ተቀበረ።

አገር ሲረጋጋ ተመለስን፤ የአያ ጌታው ቤተሰብም ለቅሶ ተቀመጠ። ሰይድ ከእኔ ጋር እስከ በራቸው መጥቶ ቆመ።

“በምን አፌ ልግባ፣ ሙሄ? ሳንታረቅ ሞተ። አንተ መካከላችን ነበርህ፤ ወላሂ በለኝ፣ ስለ እኔ አንዲት ቃል አላለም?”

“ወላሂ፣ አንዲትም” አልሁ።

ፊቱን አዙሮ ሄደ። በእኛ አገር ጎረቤት ከጎረቤቱ ለቅሶ ደጃፍ ሲመለስ ያን ቀን አየሁ። ያን ጊዜስ ምን ነበረኝ? ሽንኩርት የለ፣ ውሃ የለ። በአላህ ስም የማልሁት ሀፍረቴን ልሸፍን ነው።

ሰው “ጦርነቱ ለያያቸው” ይላል። አይደለም፤ ጦርነቱ ሲመጣ እኔ ለያይቻቸው ነበር።

አፉ በሉኝ አልላችሁም። አፉ ሊለኝ የሚገባው አንዱ ከአፈር በታች ነው፤ ሌላው ደግሞ ባገኘኝ ቁጥር “አላህ ይስጥህ፣ ለእኛ ለፍተህ ነበር” እያለ ይመርቀኛል።