ጮራ ያሸነፈበት እሁድ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ዝናብ ያዘኝና አስፋልቱ ዳር ጫማ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት የወጠረችው ሸራ ሥር ተጠለልኩ። ሸራው ያረጀ፣ ጠርዙ የተተለተለ ነው፤ ዝናቡ ሲያርሰው አቧራም፣ ሻጋታም፣ ትንሽ ጭስም ያለበት ሽታ ለቀቀና ባለሁበት ቆሜ የልጅነቴ ሰፈር ከተተኝ። አጠገቤ የተጠለለ አንድ ወጣት ደግሞ፣ ሰዓት ጠብቆ የመጣ ይመስል፣ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ለጓደኛው «ጮራ አሸነፈ ባክህ! የመጨረሻዋን ከደገመ ላይኛው ሊግ ገባ በቃ» አለው። ጓደኛው «ጮራ ደግሞ የማን ቡድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ትከሻውን ሰበቀና «የሆነ ሰፈር ነው መሰለኝ» አለ።

ያ የሆነ ሰፈር የእኔ ነው፤ ገርጂ ነው። ልነግራቸው አስቤ ተውኩት፤ ደክሞኝ ነበር። ያደከመኝ ደግሞ የቢሮ ውሎ ብቻ አይደለም። ጮራ «ዘንድሮ ያልፋል» ሲባል የሰማሁት የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ጀምሮ ነው፤ ዘንድሮ ያልፋል እየተባለ ትምህርት ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ፈታሁ፣ ፀጉሬን ሽበት ነካው፤ ጮራ ግን ያው ታችኛው ሊግ ውስጥ እንደተጎለተ አለ። አሁን አሁን የድሉን ወሬ ስሰማ ደስታው ሳይደርስ ስጋቱ ይቀድመኛል። ሰው ቡድን መርጦ የሚደግፍ ይመስላቸዋል፤ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ ሜዳው ዳር ተወለድኩ፣ በዚያው ቀረሁ።

የዚያን ጊዜው ገርጂ ዛሬ የምታዩት ገርጂ አይደለም። ኮንዶሚኒየሙ የለም፣ ሕንፃው የለም፤ ቤቶቹ በማሳ መሐል እዚህና እዚያ ተበታትነው የቆሙ፣ መንገዱ በጋ አቧራ ክረምት ጭቃ፣ ታክሲው ከመገናኛ ወደኛ እንዲመጣ የሚለመንበት ዳርቻ ነበር። ሜዳው ከቤታችን ጀርባ ነው። አንደኛው ጎል ከሌላኛው ዝቅ ስለሚል ቁልቁል መጫወት የደረሰው ቡድን ግማሽ ድሉን ይዞ ነው የሚጀምረው፤ እንግዶቹ ይህን እስኪነቁበት ድረስ የኛ አምበል የሳንቲሙ ዕጣ ሲወጣለት ደጋፊው ጎል የገባ ያህል ይጮህ ነበር።

ሜዳው አጥርም፣ መቀመጫም፣ መልበሻ ክፍልም አልነበረውም። ቡድኑ ሊግ ሲገባ ግን ለእንግዳው የተከለለ መልበሻ ማዘጋጀት ግዴታ ነው ተባለ፤ ይሄኔ አባቴ የእድራችን ድንኳን ትዝ አለው። አባቴ፣ ጋሽ ታዬ፣ የሰፈሩ እድር ዳኛም የጮራ ደጋፊዎች አለቃም ነበር፤ እድሩ ለለቅሶ ያሰፋው ብቸኛው የሸራ ድንኳን ደግሞ ሰው ካልሞተ በቀር ተጠቅልሎ ይተኛል። ስለዚህ ጨዋታ ባለ ቁጥር የቡድኑ ልጆች ድንኳኑን ተሸክመው ሜዳው ዳር ይተክሉና መሐሉን በአቡጀዲ ይከፍሉታል፤ ወዲህ ጮራ፣ ወዲያ እንግዳው ይለብስበታል። ለልጆቹ ብርቅ አልነበረም፤ ለቅሶ ቤትም ሲሆን የሚተክሉት እነሱው ናቸው። እንግዳ ሆኖ ለሚመጣው ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የአንዱ ቡድን መሪ ከአውቶብስ እንደወረደ ድንኳኑን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀና በሐዘን ድምፅ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎናል።

ስድስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ጮራ አበደ። ማሸነፍ ጀመረና ማቆሚያ አጣ፤ ሰኔ ሲገባ የቀረችው አንዲት ጨዋታ ነበረች፣ እሷም እኛው ሜዳ፣ እሷን ካሸነፈ ማለፉ ነው። የሰፈሩ ሰው ወሬ ሁሉ ኳስ ሆነ። ኳስና ሎሚ መለየት የማትችለው እናቴ እንኳ ከገበያ ስትመለስ የተከላካያችንን ቁርጭምጭሚት ጤና ትጠይቅ ጀመር። አባቴ ደግሞ ምግብ ሲቀርብለት እያየው ይፈዛል፤ «ይቺን ብቻ አይቼ ልሙት» ይላል፣ እናቴም «ደግሞ ምን ያለው ሟርት ነው» ትለዋለች። በሕይወቱ ለራሱ አንድ ነገር ሲመኝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ሌላው ነገሩ ሁሉ ለቤቱና ለእድሩ ነበር።

ከሜዳው የታችኛው ጎል ጀርባ ጋሽ ለማ የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። በዚያ ሰፈር ኳስ የሚጠሉ ሰው ቢኖሩ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ቢጠሉም አይፈረድባቸውም፣ የቆርቆሯቸው ጣሪያ በእኛ ኳስ ያልተሰረጎደ ቦታ አልነበረውም። ግቢያቸው የገባች ኳስ ተመልሳ አትወጣም፤ አልጋቸው ሥር ደርድረዋቸዋል ይባላል። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ከጨዋታው በፊት በነበረው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ድንኳኑ ተተክሎ ካለቀ በኋላ፣ አመመኝ እንኳ ሳይሉ ያረፉት። እሁድ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ አባቴ አልጋው ላይ ተነስቶ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መንደርተኛው በየደጁ ቆሞ እያለቀሰም ሳቁ ያመልጠው ነበር፤ «ሰውዬው ሲሞቱም ኳሳችንን ይዘውብን ሄዱ» ይባባላል።

አሰልጣኙ ግርማ እየሮጠ ቤታችን መጣ። ከእንቅልፉ እንደተነሳ ነው፣ ጫማው እንኳ አልታሰረም። «ጋሽ ታዬ፣ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ብቻ ይተውልን፤ ጨዋታው እንዳለቀ እኔ ራሴ ተሸክሜ አመጣዋለሁ» እያለ ለመነው። አባቴ ጋቢውን ደርቦ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። የሟቹ ሚስት እትዬ ዘነበች ወሬው ደርሷት ኖሮ ገና ሲገባ «ታዬ፣ ድንኳኑ እዚያው ይዋል። ልጆቹ የለፉበት ነው። እኛ ቤት ውስጥ እንቀመጣለን» አለችው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ዘመድ ከክፍለ ሀገር እየገባ ነው፣ ሰማዩም ጠቁሮ ወርዷል። አባቴ ግቢውን፣ ቆርቆሮውን፣ ሰማዩን ተራ በተራ አየ። «ዘነቡ፣ አንቺ ብትፈቅጂም እኔ አልችልም» አላት። «የለማን ለቀስተኛ ዝናብ ላይ አቁሜ ኳስ ላጫውት?» ከዚያ በር ላይ ወደቆመው ግርማ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ንቀሉት» አለው።

ድንኳኑን የነቀሉት እነዚያው ከሰዓት በኋላ የሚጫወቱት ልጆች ነበሩ። ምሰሶውን በትከሻቸው፣ ሸራውን በጀርባቸው አድርገው በሜዳው መሐል አለፉ፤ ጋሽ ለማ ግቢ ተከሉት፣ ቀብር ሄዱ፣ ከቀብር መልስ እጃቸውን ታጥበው ንፍሮ ዘገኑ፣ እየሮጡም ወደ ሜዳ ተመለሱ። አባቴ እንግዶቹ ሳሎናችን ውስጥ እንዲለብሱ እናቴን አዟት ስለነበር ሶፋውን ገፍታ፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ፣ ሻይ አፍልታ ጠበቀቻቸው። የአባቴና የእናቴ የሠርግ ፎቶ ሥር ተደርድረው ካልሲያቸውን እየሳቡ፣ ሻዩን እየጠጡ፣ «እጅዎ ይባረክ እናታችን» እያሉ መረቋት። የጨዋታው ታዛቢም ብቅ ብሎ አየና በጎ ነው እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀ።

አባቴ ጨዋታውን አላየም። የእድር ዳኛ የለቅሶ ቤት ጥሎ አይሄድም። እኔ ግን ሜዳው ዳር እናቴ ያለበሰችኝን ላስቲክ ተከናንቤ አየሁ፤ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ ማን ማን እንደሆነ በመለያ ሳይሆን በአሯሯጥ ነበር የምንለየው። እነሱ አገቡ፣ እኛ አገባን፣ ከዕረፍት በኋላ ቁልቁል የመጫወቱ ተራ የኛ ሆነ። ሊያልቅ ሲል ያ ቁርጭምጭሚቱን ያመመው ተከላካያችን ማን እዚያ ድረስ እንደላከው ሳይታወቅ ኳሷን እንዳገኛት ለቀቃት፤ መረቡ ቀዳዳ ነበርና አልፋ ጋሽ ለማ ግቢ፣ ለቅሶው መሐል ገባች። ሜዳው ጮኸ፣ ወዲያው ደግሞ አፉን ያዘ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ኳሷ በአጥሩ ላይ ተመልሳ መጣች። ከዚያ ግቢ ኳስ ስትመለስ ያየነው ያን ቀን ነው፤ አጥሩን ተደግፎ የወረወራትም አባቴ ነበር። ማሸነፋችንን ያወቀው በዚህ ነው።

የወትሮው ልማድ ከድል በኋላ እየጨፈሩ ሰፈሩን መዞር ነው። የዚያን እሁድ ደጋፊው ከሜዳ እየዘለለ ወጣና ለቅሶው ቤት አጠገብ ሲደርስ ከበሮው ቆመ፣ ዘፈኑ ቆመ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ጭቃ በጭቃ የሆኑት ተጫዋቾችም ጭምር፣ ኮፍያውን እያወለቀ በእግሩ ጣት ማለፍ ጀመረ። እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ መሐል ተነስታ በር ላይ ወጣች። «አሸነፋችሁ?» አለች። ግርማ «አዎ እትዬ» አላት። «እሰይ ልጆቼ» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰው ሰው ለሟቹ ይሁን ለጮራ ያለቀሰው፣ እኔ አልለየሁትም።

ደስታችን ከሰልስቱ ብዙም አልዘለቀም። እንግዶቹ ከተማቸው ሲገቡ የተከለለ መልበሻ አላገኘንም ብለው ከሰሱ፤ ክሱም ተቀባይነት አገኘና ድሉ በፎርፌ ለእነሱ ተሰጠ። እናቴ ይህን ስትሰማ የተናደደችው በሊጉ አይደለም። «ሻዬን ጠጥተው!» ትል ነበር፣ ዕቃ በምታጥብበትም፣ ልብስ በምታሰጣበትም። ጮራ ባለበት ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ጥሩ ጥሩዎቹ ልጆች ሌላ ቡድን ሄዱ፣ ያ ጉልበትም ተመልሶ አልመጣም።

አባቴን ፊት ለፊት የወቀሰው አንድም ሰው የለም። እንዲያውም «ደግ አደረግክ» ነበር የሚሉት። ግን እኔ ልጅ ሆኜም የሚታየኝ ነገር ነበረ፤ ፀጉር ቤት ሲገባ ወሬው ይቋረጣል፣ ስለ ኳስ የሚያወሩት ሲያዩት ስለ ዝናብ ያወራሉ። የደጋፊዎች አለቃነቱን ለሌላ ሰው ሰጠ። ጨዋታ ባለ ቀን ወይ መገናኛ ጫማ ሊያስጠርግ ይሄዳል፣ ወይ የማናውቀው ዘመድ ይታመምበታል፤ እድሩን ግን እስኪደክም ድረስ አልተወም። እዚያ ሜዳ ከዚያ ወዲያ እግሩ አልረገጠም። ተሳስተሃል ቢሉት ይከራከር ነበር፤ ልክ ነህ እያሉት ማንን ይከራከር?

ዛሬ ሜዳው ላይ የመስታወት ሕንፃ ቆሟል፤ ያ ቁልቁለትም ለምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ተመቸ። ጮራ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ተጫዋቾቹን በመልክ አላውቃቸውም፤ ቡድኖቹ ሁሉ አንድ ከተማ ተሰብስበው ስለሚጫወቱ ዘንድሮ ያሉት ጅማ ነው። አሸነፈም ተሸነፈም የኛ ሰፈር መንገድ ላይ የሚሰማ ነገር የለም። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ ውጤቱን በስልኬ ሳላይ የምተኛበት ቀን የለኝም።

ቤት ስደርስ አባቴ እንደወትሮው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሰማንያን አልፏል፤ ጆሮው ካልጮኹበት አይሰማም፣ እኔ ጋ አራተኛ ፎቅ ከገባ ወዲህም ምድር የሚወርደው ለሐኪም ብቻ ነው። እርጥብ ልብሴን እየቀየርኩ ልንገረው አልንገረው ብዬ አመነታሁ። በኋላ ጎንበስ አልኩና «አባዬ፣ ጮራ አሸነፈ!» ብዬ ጮህኩ። «የት?» አለ። «ጅማ። የመጨረሻዋን ከደገመ ያልፋል።» የሰማኝ አልመሰለኝም ነበርና ልደግምለት ስል፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሳ «እሰይ» አለ። «እነሱ ካለፉ እንግዲህ ሰዉም ይተወኛል።»

የቱ ሰው፣ አባዬ? ልለው ነበር። ግርማ ከሞተ ቆይቷል። እትዬ ዘነበች ቤቷ ሲፈርስ ልጇ ጋ ሄዳ እዚያው አረፈች። ድንኳኑን የተሸከሙት ልጆች ከፊሎቹ አገር ውስጥ የሉም፣ ከፊሎቹ የት እንዳሉ አላውቅም። ከመስኮቱ ሥር በሚተላለፈው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ያንን እሁድ የሚያስታውስ ይቅርና አባቴን ጋሽ ታዬ ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው የለም። እሱ ግን እስከ ዛሬ ይቅር እንዲሉት ይጠብቃቸዋል።

ጆሮው ላይ ጎንበስ አልኩ። «አዎ አባዬ» አልኩት እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ፤ «ይተውሃል።»