ካላንደሩ ላይ የቀሩት ቀይ ክቦች

ልጄ አባባ የምትላቸው አያቴ ድሬዳዋ መጋላ ገበያ ባለው ሱቃቸው ውስጥ ካላንደር ነበራቸው። ልጄን ባተኮሳት ቁጥር ግንባሯን በእጃቸው ጀርባ ዳስሰው ቀኑ ላይ ቀይ ክብ ያደርጋሉ። እኛ ድሬዎች ትኩሳት ሁሉ ወባ ስለሚመስለን፣ ምርመራው የለባትም እያለ እንኳን የወባ መድኃኒት እንሰጣት ነበር።

"ወላሂ ይሄ ሌላ ነው! ወባ ወር ጠብቆ ይመጣል እንዴ?" ይሉኝ ነበር።

በመጨረሻ ካላንደሩን ጠቅልለው ሐኪም ጋ ይዘውት ሄዱ። ሐኪሟ ክቦቹ በየወሩ መደጋገማቸውን አይታ ሌላ ምርመራ አዘዘች። በሽታው ጀርም ሳይኖር የሰውነት መከላከያ ራሱ የሚቀሰቅሰው ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ትኩሳቱን አራራቀው።

አያቴ ካረፉ በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት እንደገና አተኮሳት። ቀኑ ላይ ክብ ላደርግ እስክሪብቶውን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።

"ቆይ እንጂ እማ፣ አባባ መች ግንባሬን ነኩኝ?"