የአባ ጭቃ መጨረሻ

ያን ክረምት ሆሳዕና ከተማ ላይ ዝናቡ ማባሪያ አልነበረውም። ጭቃው ቦቲ ጫማ ከእግር ያወልቃል፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም፤ ሰው ሁሉ ሙቀት ፍለጋ እርስ በርሱ ይጠጋጋል። ብርነሽ ያንን ክረምት ስታስብ መጀመሪያ የሚመጣባት ሽታው ነው፤ በቪዲዮ ቤቷ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው የተቀመጡ ሰዎች የለበሱት የረጠበ ጋቢ ሽታ። ቀጥሎ የጠና ድምፅ ይመጣባታል።

ጠና ከሞርሲቶ የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር። ትምህርቱን አስረኛ ክፍል ላይ ቢያቆምም እንግሊዝኛ ይሰማል። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ በጭራሮ እየጠቆመ የፈረንጁን ፊልም ለሰው ያወራል፤ አማርኛው ሲያጥረው ሀዲይኛ ይጨምርበታል። ከባሕር የሚወጣውን ግዙፍ አውሬ "አባ ጭቃ" ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። ያን ክረምት ከጭቃ ሌላ ምን ይታሰባል?

ካሴቱ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ሲመጣ ውሃ ጠጥቶ ነበር። ብርነሽ እንደ በቆሎው፣ እንደ እንጨቱ፣ ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ላይ አስቀመጠችው። የረጠበ ነገር ሁሉ የሚደርቀው እዚያ ነዋ! ደረቀም። ግን ሙቀቱ መጨረሻውን አኮማትሮት ኖሮ፣ አውሬው ተከቦ ጥይት ሲዘንብበት ሥዕሉ ተንቀጠቀጠና ጠፋ።

ጠና አልደነገጠም። ወደ ፊት ራመድ አለና "አሁን ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ" አለ። ከዚያ አባ ጭቃ ጥይቱን ችሎ፣ ከተማውን አንዴ ዞሮ አይቶ፣ ልጆቹ ወደሚጠብቁት ጥልቅ ውሃ ሲመለስ አወራላቸው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ፊልሙ ሲሠራም እንዲያ ነው፣ መጨረሻው ዓይን ተጨፍኖ የሚሰማ ነው ብሎ ሁሉም አመነ። እውነቱን የሚያውቁት ጠናና ብርነሽ ብቻ ነበሩ።

ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። ቪዲዮ ቤቱ ኳስ የሚታይበት አዳራሽ ሆነ፤ የምታስተዳድረውም የብርነሽ ልጅ ሊዲያ ናት። ጠና ራዲዮና ስልክ እየጠገነ ይኖራል፤ ሰው ግን ዛሬም "የአባ ጭቃው ጠና" ነው የሚለው። ያኔ ልጅ የነበሩት ወልደው ያንኑ መጨረሻ ለልጆቻቸው ያወራሉ።

ባለፈው መስከረም፣ ለሀዲያ አዲስ ዓመት ለያሆዴ ሰው ከየቦታው ሲሰባሰብ፣ ጠናና ብርነሽ ቡና እየጠጡ ሳለ ሊዲያ እየሮጠች መጣች።

"ጋሼ፣ አባ ጭቃን እንደገና ሠርተውታል! በስንት ሚሊዮን ዶላር መሰለህ! ቅዳሜ ከሰዓት አንተ ነህ የምታወራልን።"

ጠና ሳቅ አለ። እሷ ስትሄድ ወደ ብርነሽ ዞረ።

"እትዬ ብርነሽ፣ መጨረሻው እንዴት ይሆን?"

"እኔ ምን አውቄ? አንተ አይደለህ የሠራኸው!"

"ሌላ ከሆነስ? ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?"

"እንግዲያው ታመምኩ በልና ቅር።"

"ማየትማ አለብኝ" አለ። "ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር ነው።"

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። መቼም እውነት ለመናገር ፊልሙ ያምራል። ባሕሩ ሲነሳ ፊት የተቀመጡት እግራቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። የአውሬው ዓይን ሲከፈት እንደ አዲስ ጥጃ ዓይን እርጥብ ነበር። ድሮ አብዛኛውን ጊዜ ጭራው ብቻ ነበር እልፍ ሲል የሚታየው።

ኋላ ግን አበዙት። አንዱ አውሬ ሦስት ሆነ። አንድ ከተማ ፈረሰ፣ ሁለተኛው ፈረሰ፣ ሦስተኛው ሊፈርስ ሲል ባለ ሱቁ ዳኘ "ኧረ ለእኛ ለሆሳዕና እንኳ ተራ አይደርስም እንዴ!" ብሎ ሰውን አሳቀ። ከጩኸቱ ብዛት የጠና ድምፅ አልሰማ አለ። ማይኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እሱም እንደ ሰው ማየት ጀመረ።

በመጨረሻ አባ ጭቃ በእሳት ተቃጥሎ ወደቀ። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ጨፈሩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጠና ዞረ።

"ጋሽ ጠና" አለች ሊዲያ፣ "ልጆቹስ? ውሃውስ?"

"ሃያ ዓመት ሙሉ ዋሸኸን በለኛ!" አለ ዳኘ፤ አሁን አልሳቀም።

ጠና ማይኩን አነሳ። "ካሴቱ መጨረሻ አልነበረውም። እኔ ነኝ የጨመርኩት" አለ።

ብርነሽ በምርኩዟ ተደግፋ ተነሳች። "ካሴቱን ቆጥ ላይ ያደረቅሁት እኔ ነኝ! የምትቆጡ እኔን ተቆጡ።"

"ቆጥ ላይ? ካሴት?" አለ ዳኘ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ጠና ግን አልሳቀም። ማያውን ትኩር ብሎ ያየው ነበር። "ቆይ እስቲ" አለ፤ "አንዱን ሦስት ካደረጉት መጨረሻውንስ ቢቀይሩት? የድሮው ላይ መሞቱን ማን አየ?"

"እንግዲያው የድሮውን አምጣና አሳየን፤ ያኔ አምንሃለሁ" አለ ዳኘ።

ሊዲያ ስልኳን ብትጎረጉር የድሮው አልተገኘም። በሳምንቱ ጠና የጥገና ዕቃውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ ብርነሽን ጉልበቷን ስሞ፣ የድሮ ካሴት ያላቸውን ሰዎች ፍለጋ ወጣ። በመጀመሪያ ሆመቾ ከተማ መታየቱ ተሰማ። በጥር ወር ለሊዲያ ሲደውል አዲሎ ከተማ ነበር፤ ሃቢባ የምትባል ነጋዴ ጓዳ ውስጥ ሁለት ካርቶን ካሴት አግኝቶ፣ አባ ጭቃ ይኖርበት እንደሆነ ለማየት የተበላሸ ማጫወቻዋን እየጠገነላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ጠና የተሰማ ነገር የለም።