የእንድሪስን ውሃ ፍለጋ በስድስት ጉድጓድ

ጣርማ በር፣ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

ጉሙ የመኪናውን መንገድ ዋሻ አፍ ደፍኖታል። በጋቢዬ ላይ ካፖርት ደርቤ፣ አንድ አሮጌ የጎልፍ ዱላ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። ሚኒባሱ ሲቆም ረዳቱ ከረጢቱን ነካ ነካ አደረገና «አባባ፣ ጠመንጃ እንዳይሆን» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «የኳስ መምቻ ነው፣ በሩን ዝጋ» አልኩት። ጭኔ ላይ ላስቀመጥኩት ዱላ ሂሳብ ጠየቀኝ። ደብረ ሲና እስክንደርስ ተጨቃጨቅን፤ አልከፈልኩም።

እኔ አዲስ አበባ አንድ የጎልፍ ሜዳ ሣር ሳጭድና የሰው ዱላ ስሸከም ነው ያረጀሁት፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ጣርማ በር ነው የምኖረው። በዚያ ሁሉ ዘመን «እስኪ አንተም ምታ» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ እለፉትና ነገሩን ያዙልኝ።

ነገሩ ይሄ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለው የልጅነት ወዳጄ እንድሪስ ሐሙስ ደወለ። «ሽንኩርቴ ሊደርቅ ነው። ውሃው ከላይ አዲሱ የጎልፍ ሜዳ ውስጥ ይቀራል። ቅዳሜ ተራዬ ነው። ከተጫዋች በቀር ሰው አያስገቡም። አንተ ታውቅበታለህ፤ ናልኝ» አለ።

እዚያ ቆላ ውስጥ ውሃ በተራ ነው። የእንድሪስ ተራ ከንጋት እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትሩ ሶላት አዛን ነው። አዛን ካለ ውሃው የሚቀጥለው ሰው ነው፤ ማሳህ ጠጣ አልጠጣ አለቀ። ተራው ተመልሶ የሚመጣው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። በዚያ ሙቀት ሽንኩርት አሥራ አምስት ቀን አይጠብቅም።

ሸዋ ሮቢት፣ ከጧቱ 3 ሰዓት

አርማንያን ስናልፍ ካፖርቱን አወለቅሁ፣ ሮቢት ስንገባ ጋቢውን። ባጃጁ፣ ማንጎው፣ አቧራው፣ ሙቀቱ በአንድ ላይ ፊቴ ላይ መጣ። እንድሪስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል፤ ከስቷል።

«ለምን ለቢሮ አቤት አትልም?» አልኩት።

«አልኩ። ሰኞ ና ይሉኛል። ወላሂ ስንት ሰኞ እንዳለፈ እኔም ጠፍቶኛል።»

ፉል እንብላ አለኝ። ከውሃው በኋላ ብዬ ባጃጅ ውስጥ ገፋሁት።

ሜዳው፣ 3 ሰዓት ተኩል

ከወንዙ በላይ ያለውን ተዳፋት አጥረውታል። በሩ ላይ በትልቁ «ለሁሉም ክፍት ነው» ይላል። ጥበቃው ሽፈራው የሚባል ጎልማሳ ነው። እንድሪስን ሲያይ ፊቱን አዞረ፤ ሦስት ጊዜ መልሶታል። ታዲያ ሁሉም ማለት ማን ነው?

«እኔ ተጫዋች ነኝ፣ እሱ ዱላ ተሸካሚዬ» አልኩ።

«እንደሱ ከሆነ ይግቡ ጋሼ።»

«መስኖው ያለው ስድስተኛው ጉድጓድ ጋ ነው አሉ። በቀጥታ ወደዚያ እሄዳለሁ።»

«አይቻልም። ከአንደኛው ጀምረው በተራ ነው። ከኋላዎ የሚመጣ ሰው በኳስ ቢመታዎት ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ከኋላዬ ፍየል እንኳ አልነበረም።

ገባን። «ዱላው አንድ ነው፤ እኔ ምኑን ልሸከም?» አለ እንድሪስ።

«ጋቢዬን።»

«ሽማግሌ፣ ዛሬ ጌታ ሆነሃል» አለና ጋቢዬን ትከሻው ላይ ጣለ። እንድሪስ የውሃ አባት ነው፤ የመንደሩን ተራ የሚዳኝ፣ ተራ የሰረቀውን የሚቀጣ። ያንን ሰው ጋቢ አሸክሜ መግባቴ አንገበገበኝ።

አንደኛው ጉድጓድ በግራር ቁጥቋጦ ላይ አሻግሮ መምታት ነው፤ በአምስት ምት ጨረስኩ። ሁለተኛው ቁልቁል ነው፤ በአራት። ሦስተኛው ጋ ቆምኩ። አልዋሽም፣ ያምራል። ወደ ላይ የጣርማ በር ገደል ጉም ለብሶ ይታያል፣ ወደ ታች ወንዙ ያብረቀርቃል፣ በምሥራቅ የአፋር ሜዳ በሙቀት ይንቀጠቀጣል። ተዳፋቱ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው ሣር ብቻ አረንጓዴ ነው። ዕድሜዬን ሣር ሳጠጣ ኖሬያለሁ፤ ያ ሣር ስንት ውሃ እንደጠጣ ሳየው አወቅሁ፣ ደሜ ፈላ።

አራተኛው ጉድጓድ፣ 5 ሰዓት

እዚህ ሸለቆ አለ። ኳሴ ገባበት። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ኳሱን በእጅ አንስቶ፣ አንድ ምት ቆጥሮ፣ ከላይ አስቀምጦ መቀጠል ነው። ለስንቱ ጌታ ከገደል ኳስ ለቅሜ ሰጥቻለሁ!

ከበሩ ጀምሮ የተከተለን ሽፈራው ከላይ ሆኖ «ያንሱት እንጂ ጋሼ፣ ዕድሜዎ አይፈቅድም» አለ።

እንደዚያ ባይለኝ አነሳው ነበር።

ወረድኩ። መታሁ፤ ድንጋይ ነክቶ ተመለሰ። መታሁ፤ አቧራ አይኔ ውስጥ ገባ።

«ወንድሜ፣ ፀሐይዋን እያት» አለ እንድሪስ ከላይ።

«አሁን ይወጣል!»

«በእጅህ አውጣው። ስለ አላህ።»

«ለሰው ለቅሜያለሁ፤ ለራሴ አልለቅምም!»

በአሥራ አንደኛው ምት ወጣ። ሽፈራው አጨበጨበ። እኔም፣ ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። እንድሪስ አላጨበጨበም።

ስድስተኛው ጉድጓድ፣ ቀትር

አምስተኛውን እየሮጥን ጨረስን። ስድስተኛው ዳር መስኖው አለ። አሸዋ የሞላ ጆንያ አፉ ላይ ወሽቀውበት ውሃው በሙሉ ወደ ሣሩ ይፈሳል። ሽፈራው ላይ ጮህኩበት። «የታዘዝኩትን ነው ጋሼ፣ እኔን ምን አድርግ ይሉኛል?» አለና ጀርባውን ሰጠን።

እንድሪስ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ያዘ። ያኔ ከከተማው አዛን ተሰማ።

እጁ ጆንያው ላይ ቀረ። አዛኑን ጨርሶ ሰማ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብሎ ጎተተው፤ ውሃው ጮሆ ወረደ።

«በል ሩጥ፣ ማሳህን ክፈት!» አልኩት።

«አዛን ብሏል። ውሃው አሁን የእትዬ በለጠች ነው፤ ተራው የእሳቸው ነው» አለ።

ማሳው፣ 7 ሰዓት

እትዬ በለጠች አካፋ ይዘው ቦዩ ላይ ቆመዋል፤ የዘሩት ማሾ ጠውልጓል። ያለፈው ተራቸውም ሜዳው ውስጥ ቀርቶባቸዋል። የእንድሪስን ሽንኩርት አይተው «ግማሹን ውሰድ፣ ማን ያየናል?» አሉት።

«እኔ አያለሁ፣ እትዬ። ባለፈው ወር በዚሁ ነገር የቀጣሁት ሰው አለ።»

«ውሰድ ይሉሃል እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ግትር አልኩት፣ ሌላም አልኩት። ውሃ ከቦዩ ወደ ራሱ ማሳ ወደሚገባበት አፍ ሄደ። አፉን ከዘጋበት የድሮ የጭቃ ግድብ ሥር ጥቂት ውሃ ወደ ሽንኩርቱ ትሾልካለች። ጭቃ አፈሰና ደፈናት፤ በተረከዙ ረገጠው፣ ደጋግሞ ረገጠው። ውሃው በሽንኩርቱ አጠገብ አልፎ ሄደ።

መናኸሪያ፣ 9 ሰዓት

ጋቢዬን አጥፎ ሰጠኝ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ተጠጋና «ፉሉን ሳንበላ ቀረን» አለኝ። ዳገቱን ስንወጣ ከደብረ ሲና በላይ በረደኝ፤ ጋቢውን ስገልጠው እንድሪስ ትከሻ ላይ ያረፈበት ቦታ ገና በላቡ ረጥቦ ነበር።