አራት ዲግሪና ሦስት ኪሎ

በማርማላታ ፋብሪካው ውስጥ የመዝገብ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ልክ-አይደለም» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። በር ከፍቶ ሲገባ ሰላም ከማለቱ በፊት ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ላይ ያርፍና፣ «ይሄ ልክ አይደለም፣ ሁለት ደቂቃ ይቀድማል» ይላል። ማንም ሰዓት አልጠየቀውም።

ሥራው መለኪያን መለካት ነው። ይሄን ሲሰሙ ሰዎች ይስቃሉ። ምኑ ነው የሚያስቀው? የድስቱ ቴርሞሜትር መቶ አምስት ሲል እውነትም መቶ አምስት መሆኑን ማን ገብቶ አየ? የእንፋሎት ግፊት መለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ ለጥ ብሎ ተኝቶ ሳለ ቧንቧው ሊፈነዳ ቢሆንስ? መለኪያ እንደ ሰው ያረጃል፤ ሲያረጅም መዋሸት ይጀምራል፣ መዋሸቱን ግን አይናገርም። ስለዚህ አንድ ሰው ከማይዋሽ መለኪያ ጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ማየት፣ ማስተካከል፣ መጻፍ አለበት። ይህን የማይረዳ ሰው ማርማላታ ባይበላ ይሻለዋል።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሲቀጠር ብልቃጥ አጣቢ ነበር። አንድ ቀን ቆሻሻ ውስጥ የተጣለ የግፊት መለኪያ አገኘና ክዳኑን ፈታው። ውስጡ እንደ ማጭድ የተቆለመመች የናስ ቱቦ ተቀምጣለች፤ ግፊት ሲገባባት ትዘረጋለች፣ ስትዘረጋ መርፌዋን ትጎትታለች። በዚያች ቱቦ ልቡ ጠፋ። ሙያውን ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም፤ ከተሰበረ ዕቃ፣ ከተቀደደ መጽሐፍና ከአለቃ ስድብ ተማረ። ዛሬ የማይዋሸው ቴርሞሜትሩ በቆርቆሮ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ በሐር ሻሽ ተጠቅልሎ ይኖራል። ሻሹ የሚስቱ ነው። «የሠርጌን ሻሽ ለብረት አለበሰው» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ትከሰዋለች።

ሚስቱ የዚያው ፋብሪካ የሦስተኛው ድስት አብሳይ ናት። ድስት ሲባል የሰው ቤት ድስት አይምሰላችሁ፤ ሰው ቢገባበት እስከ አንገቱ የሚውጥ አይዝጌ ብረት ነው። ፍራፍሬና ስኳሩ ፈልቶ መቶ አምስት ዲግሪ ሲደርስ እንፋሎቱን ትዘጋለች። ቀድማ ከዘጋችው ማርማላታው አይረጋም፣ ዘግይታ ከዘጋችው ማንኪያ ያጎብጣል። በሚመጣው ወር የፈረቃ ኃላፊ ልትሆን ነው፤ አለቃው ደብዳቤውን ጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከድስት ጋር ስትፋጠጥ የኖረች ሴት ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነው።

ባልና ሚስቱ ግን ያን ሰሞን አይነጋገሩም ነበር። ጠቡን ያመጣው አማቱ ቤት ያለው የክብደት ሚዛን ነው። እሁድ ምሳ ተጋብዞ ሄዶ፣ እጁን ሊታጠብ መታጠቢያ ክፍል ገባና ሚዛኑን አየው። ባዶውን ቆሞ መርፌው ከዜሮ በታች ሦስት ኪሎ ወርዷል። ሌላ ሰው እጁን ታጥቦ ይወጣል። እሱ ተንበርክኮ ከሥሩ ያለችውን የማስተካከያ ጥርስ አዙሮ መርፌውን ዜሮ ላይ አቆመውና፣ እጁን ሳይታጠብ ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ያ ሚዛንዎ ልክ አይደለም፤ ሦስት ኪሎ ያጎድልልዎታል» አላቸው፣ እንግዳ በሞላበት።

አማቱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። የዚያን ቀን እንደገና አላነሱትም።

መንገድ ላይ ሚስቱ፣ «በአንድ ምሳ እናቴን ሦስት ኪሎ አወፈርካት!» አለችው።

«እኔ አላወፈርኳቸውም፤ ድሮም ነበራቸው» አላት።

እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ እውነት ግን ምላስ ሥር ቢቀር ማን ይሞታል? ይቺ መልስ የዘጠኝ ቀን ዝምታ አስከፈለችው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ባልና ሚስት በአንድ ፋብሪካ ሲሠሩ አላዩም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሦስተኛው ድስት ቴርሞሜትር ዓመታዊ ምርመራ ደረሰ። ደንቡ አጭር ነው፦ መለኪያ ቢያንስ ሁለት ቦታ ላይ ይፈተሻል፣ በቀዝቃዛና በትኩስ። ምክንያቱም በረዶ ውስጥ ልክ የሆነ ቴርሞሜትር ሙቀት ሲጨምር ቀስ በቀስ ሊስት ይችላል። ዜሮ ላይ ጨዋ ነው፣ መቶ ላይ ቀጣፊ። ልክ-አይደለም ይህን ደንብ እንደ ጸሎት ያውቀዋል፤ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ጣቱን እየቀሰረ ያስተምረዋል።

እሱ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሦስተኛውን ድስት የፈተሸው በበረዶ ብቻ ነበር። በረዶው ከጎን ካለው የማቀዝቀዣ ክፍል በባልዲ ይመጣል። ለትኩሱ የዘይት ገንዳ ያስፈልጋል፣ ገንዳው አልተገዛም። የፈላ ውሃ ማዘጋጀት ደግሞ ምርት ማስቆም፣ ፈቃድ መለመን፣ ከአለቃ ጋር መጨቃጨቅ ነው። «ዜሮው ልክ ነው፣ ሌላውም ልክ ይሆናል» እያለ በየዓመቱ «ተፈትሿል» የሚለውን ተለጣፊ በአሮጌው ላይ ይለጥፋል፣ ይፈርማል። ሰዓት ሁለት ደቂቃ ቀደመ ብሎ የሰው ቤት የሚያውከው ይሄው ሰውዬ ነው እንግዲህ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል።

ዘንድሮ ገንዳው ተገዛ። እንደ ልጅ ደስ ብሎት የድስቱን ቴርሞሜትርና የራሱን ጎን ለጎን ትኩሱ ዘይት ውስጥ ነከራቸው። የሱ መቶ አምስት አለ። የድስቱ መቶ አንድ።

ጠብቆ ደግሞ አየ። መቶ አንድ።

ጆሮው ድረስ ጋለ። አስተካከለው፤ ሁለቱም መቶ አምስት አሉ። ቅጹ ላይ «ሲገኝ፦ አራት ዲግሪ ያነሰ። ሲለቀቅ፦ ልክ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ አንድ ሥራ ቀረው፦ ለአብሳይዋ በቃል መንገር። አብሳይዋ አሥር እርምጃ ርቃ ፍራፍሬ ታስገለብጣለች። ሄዶ ምን ይበላት? «በሚዛን የኮራሁብሽ እኔ፣ ስድስት ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ ስፈርም ነበር» ይበላት? ቅጹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ሹልክ አለ። እሷም ሳታነበው ፈረመች፤ ያን ሰሞን እሱ የጻፈውን ማንበብ ክብሯ አልፈቀደላትም።

በማግስቱ ጠዋት የመጋዘን ሠራተኛዋ አንድ ብልቃጥ ዘቅዝቃ አየች። ማርማላታው ክዳኑ ድረስ ተንቆረቆረ። ሌላ ዘቀዘቀች። ትናንት ከሦስተኛው ድስት የወጣው ስድስት መቶ ብልቃጥ ሁሉ እንዲሁ።

«ይሄ ማርማላታ አይደለም፣ ጭማቂ ነው!» አለ አለቃው ቢሮው ውስጥ አንዱን ብልቃጥ እየናጠ። ፊት ለፊቱ አብሳይዋ ቆማለች፤ ባሏም ተጠርቷል። ያልተፈረመው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነው። «መዝገብሽ መቶ አምስት ዲግሪ ላይ ዘጋሁ ይላል። ቤተ ሙከራው ደግሞ ገና ሳይበስል ወጥቷል ይላል። ወይ ቴርሞሜትሩ ዋሽቷል ወይ አንቺ።»

ወደ ባሏ ዞረ።

«አንተ ንገረኛ! ቴርሞሜትሩ ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለ ልክ-አይደለም። ሌላ ምን ይበል? ትናንት በእጁ አስተካክሎታል።

«እንግዲያው የውሸት መዝገብ ነው» አለ አለቃው። «የውሸት መዝገብ ደግሞ ቅጣቱን ታውቂዋለሽ፤ ስንብት ነው።»

ልክ-አይደለም ብልቃጡን ያያል፣ ሚስቱን ያያል። ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ስሌት አልገጥም አለው። ቴርሞሜትሩ ስድስት ዓመት አራት ዲግሪ ካጎደለ፣ መቶ አምስት እስኪል የጠበቀ ሰው ማርማላታውን መቶ ዘጠኝ ያደርሰዋል፤ ብልቃጥ ውስጥ ድንጋይ ይገኝ ነበር። ድንጋይ የት አለ? ስድስት ዓመት የረጋ፣ የሚያምር ማርማላታ ነው የወጣው። ስለዚህ አንድ ሰው መቶ አንድ ላይ ሲዘጋ ኖሯል።

«አራቱን ታውቂያት ነበር» አላት። በዘጠኝ ቀን፣ አሁን በአሥረኛው፣ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

«ድስት ውስጥ ማንኪያ መንከር ሳይከለከል በፊት፣ በማንኪያ እያነሳሁ መርጋቱን ሳይ ነው የደረስኩባት» አለች፣ እሱን ሳታይ። «ሦስተኛዋ አራት ትዋሻለች። መቶ አንድ ስትል እዘጋለሁ፣ መቶ አምስት ብዬ እጽፋለሁ። ትናንትም እንደ ወትሮዬ።»

«ለምን አልነገርሽም?» ጮኸ አለቃው።

«ተለጣፊ ነበረበታ! ከነፊርማው። ተለጣፊ ካለበት ነገር ጋር ማን ይከራከራል? ከእሱስ ጋር ማን ይከራከራል?»

ልክ-አይደለም ዘወር ብሎ ወጣ። አለቃው «ወዴት ነው?» ሲል ሚስቱ ደግሞ በሩን እያየች ጥርሷን ነከሰች፤ ሸሸ ብላ ነው። ወዲያው ተመለሰ። በእጁ የያዘው ከቴርሞሜትሩ ላይ በቢላ የላጠውን የተለጣፊ ክምር ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ እንደ ካርቶን ወፍሯል። ደብዳቤው ላይ አስቀመጠው።

«የላይኛው የትናንት ነው፣ እውነት ነው» አለ። «ከሥሩ ያሉት ስድስቱ ባዶ ናቸው። በበረዶ ብቻ ፈትሼ ነው የፈረምኩት። መቶ ላይ አንድ ቀን አላየሁትም። ትናንት ደግሞ ሳስተካክለው ልነግራት ሲገባ አልነገርኳትም።»

«ለምን?»

«አኩርፈን ነበር።»

አለቃው ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። «ስድስት መቶ ብልቃጥ ... በኩርፊያ!»

ቅጣቱ ለሁለቱም ደረሰ። ልክ-አይደለም ለስድስት ወር ብቻውን እንዳይፈርም ተከለከለ፤ እያንዳንዱን ምርመራ ሌላ ሰው አጠገቡ ቆሞ ያያል። እሷ ከመሰናበት ተረፈች፣ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፣ ደብዳቤውም ፊርማውን ሳያገኝ መሳቢያ ገባ። ቢያንስ እስከሚቀጥለው የፍሬ ወቅት ወንበር የለም። ማርማላታው ተመልሶ ይበስላል፤ ብልቃጦቹን ግን የሚከፍቱት ባልና ሚስቱ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት እስከ ክንዳቸው በስኳር ተጨማልቀው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሁለት መቶኛው ክዳን ላይ ሲደርሱ እሷ፣ «ሲገኝ፣ ሲለቀቅ ብለህ ትጽፋለህ፤ አፍህ ግን ተቆልፏል» አለችው።

«አንቺስ ሳታነቢ ፈርመሽ የለ?»

«ፈርሜያለሁ» አለች። ቆይታም፣ «ከዚህ ስንወጣ እናቴ ጋ ትሄዳለህ። ቀጥ ብለህ ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

ከሥራ ሲወጡ አንድ አዲስ የበሰለ ብልቃጥ ይዘው ሄዱ። አማቱ በሩን ከፈቱ። ፊታቸው ቀጠን፣ ዓይናቸው ገባ ብሏል።

«እማማ፣ ያን ቀን ሰው ፊት ስለ ሚዛኑ ...»

«ተወው እሱን!» አሉት። «ሦስት እንደሚያጎድል የማላውቅ መሰለህ? ጤና ጣቢያ ሰባ አንድ ስሆን ቤት ስልሳ ስምንት ይለኛል። ሁሌ ሦስት እደምርበታለሁ። አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አንተ የመጣህ ዕለት ማታ ብወጣበት ሰባ አንድ አይለኝም? ሦስት ስደምርበት ሰባ አራት! ይኸው አሥራ አንድ ቀን እራት የሚባል አልቀመስኩም፣ ያ ሚዛን ግን ወደ ስልሳ ስምንቱ አልመለስ አለኝ።»

ሚስቱ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ንገራቸው» አለችው በጣቶቿ መካከል። «ዛሬ ደግሞ ቅጽ ጠረጴዛ ላይ ጥለህ ትወጣና!»

ልክ-አይደለም ጉሮሮውን ጠራረገ። የሚዛኑን ጥርስ እንዳዞራት፣ መቼ እንዳዞራት፣ ስንት እንዳዞራት፣ ሳይነግራቸው ምሳ ሊበላ እንደተቀመጠ አንድ በአንድ ነገራቸው። አማቱ በዚህ ጊዜ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ማርማላታውን ከእጁ ተቀበሉና ብልቃጡን ዘቅዝቀው አዩት። አልተንቀሳቀሰም።

«ዳቦው መሳቢያ ውስጥ ነው» አሉት። «ተነስና ቁረጥ። የአሥራ አንድ ቀን እራት አለብህ።»