ቡ ቡ ጥ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ቀለም ማንበብ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠናል። እሱ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡትን ሬዚስተሮች መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያቀርብልኛል፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ በላያቸው የተጠመጠሙትን የቀለም ቀለበቶች እጠራለታለሁ። ሬዚስተር ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ የሚታወቀው በቀለሞቹ ቅደም ተከተል ነው። የእሱ ዓይን ደግሞ ቡናማን ከብርቱካናማ መለየት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

"ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ጥቁር" አልኩት።

"ቡርቱካን፣ ቡርቱካን፣ ጥቁር" ብሎ ለብቻው አስቀመጠው።

"ብርቱካን በል።"

"እኔስ ምን አልኩ? ቡርቱካን ነው ያልኩት።"

ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ አማርኛ አስተምሬ የገዛ ባሌን አንድ ፍሬ በትክክል ማስጠራት አልቻልኩም። ያን ቀን ተሳስቀን ዕቃውን አነሳሳን። በማግስቱ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ቀና አላለም።

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ የልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ጠባብ ቤታችንን በሽቦ ሞላት። የመጨረሻው ሥራው የጫማ ሣጥን የምታክል የእንጨት ሣጥን ናት። ውስጧ ከአሮጌ ቴፕ የወጡ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ጫፍ ስባሪ መስታወት ትንሽ አዘንብሎ ለጥፎበታል። ቀይ የሌዘር ብርሃን አንዱን መስታወት ነክቶ ወደ ሁለተኛው ሲያልፍ፣ ሞተሮቹ ሲሽከረከሩ፣ ግድግዳ ላይ አበባ ይስላል። እሱ አደይ አበባ ነው ይል ነበር። ቀይ አደይ የት አገር አለ ብዬ ስስቅበት፣ ልደታ አራተኛ ፎቅ ይለኝ ነበር።

አበባው ግን አንድም ቀን አልታየም። ብርሃኑን የምትሰጠው ዳዮድ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፤ ከተጣሉ የዲቪዲ ማጫወቻዎች ፈልቅቆ ያወጣቸው ሦስት ነበሩ። አንዷን ራሱ አቃጠላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስጨነቀው፣ ለቀሩት የሚሆን ሹፌር መምረጥ ነበር። ሹፌር የሚለው ለዳዮዷ ኤሌክትሪኩን መጥኖ የሚሰጣትን ክፍል ነው። እኔም የሙያው ስም ይሄው ይመስለኝ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ ሣጥኗን ልጨርሳት ወሰንኩ። ሹፌር ምን ያደርጋል አልኩና ሦስት ቮልት የተጻፈበትን የአሮጌ ሬዲዮ አዳፕተር በቀጥታ ከሁለተኛዋ ዳዮድ ጋር አገናኘሁት። በራች! እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ደቂቃ ሳይሞላ ይበልጥ ደመቀች፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ደበዘዘችና የከሰል ፍም የመሰለች ነጥብ ብቻ ሆና ቀረች። ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ብሞክር አልደመቀችም።

በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው ሲደጋግምልኝ የነበረው ነገር የገባኝ። "ዳዮድ ስትሞቅ ቁልቁለት እንዳገኘ አውቶቡስ ናት" ይል ነበር። በሞቀች ቁጥር ይበልጥ ኤሌክትሪክ ትስባለች፣ በሳበች ቁጥር ይበልጥ ትሞቃለች። "ጥሩ ሹፌር ቁልቁለት ላይ ነዳጅ አይሰጥም።" የእኔ አዳፕተር ነዳጅ ሲሰጥ ነበር። አሁን የቀረችው አንዲት ዳዮድ ናት። እሷ ከተቃጠለች ያቺ ሣጥን ሣጥን ብቻ ሆና ትቀራለች፤ የሁለት ዓመት ልፋቱን የሚያሳይልኝ ሌላ ነገር የለም።

ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄጄ፣ ለሌዘር የሚሆን ሹፌር እፈልጋለሁ አልኩ። ሻጩ ጥቁር ልብሴን አየ፣ ፊቴን አየ።

"ማዘር፣ ሹፌር ከሆነ ታክሲ ተራው ማዶ ነው።"

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰዉ ድራይቨር እንደሚለው ያን ጊዜ ተማርኩ። ሻጩ ካፈረ በኋላ ደግ ሆነና አንድ የተዘጋጀ ድራይቨር አወጣልኝ። ለምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ለባውዛ ነው አለኝ። ባውዛ ለሚነዳ ሹፌር የሰሊጥ ፍሬ አላስረክብም ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ባለቤቴ ሥራውን ሁሉ ይጽፍበት የነበረውን ደብተር ከፈትኩ። ሹፌር ከሚለው ርእስ ሥር ባለ ሦስት እግር ትንሽ ዕቃ ሥሏል፤ ያቺ ዕቃ ሣጥኗ ውስጥ አለች። ከጎኗ አንድ ሬዚስተር ሥሎ፣ ከሥሩ ሦስት ፊደል ጽፏል፦ ቡ ቡ ጥ። ባለ ሦስት እግሯ ምን ያህል እንድታሳልፍ የሚወስነው ይህ ሬዚስተር ነው። ይህን ያህል ከእሱ ሰምቻለሁ።

ደብተሩን ይዤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለው ወዳጁ ሄድኩ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ባለቤቴን ከአውቶቡስ ዘመኑ ጀምሮ ያውቀዋል። ጽሑፉን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ብዙም አላሰበበት።

"ቡናማ፣ ቡናማ፣ ጥቁር ነዋ።"

ብርቱካን ቢሆንስ አልኩት።

"ብርቱካን ቢሆን ብ ይል ነበር። ይሄንንም እኔ ላስተምርሽ፣ አንቺ የፊደል አስተማሪ?" ከመሳቢያው ቡናማ ቡናማ ጥቁር መርጦ ሰጠኝ። ከሠራ አራቱን ፎቅ በእግሬ ወጥቼ እጅ እነሳሻለሁ አለ።

ያለው ትክክል ነበር፤ ተማሪዬ ቢሆን ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር። ቤቴ ገብቼ መበየጃውን አጋልኩት። ሬዚስተሩን ልበይድ ስል እጄን አንድ ነገር ያዘኝ። መበየጃውን አስቀመጥኩና ደብተሩን ከኋላ ጀምሮ ገለጥኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእጁ የጻፈው የገበያ ዝርዝር አለ፦ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ቡርቱካን ግማሽ ኪሎ። ቡርቱካን ከሚለው ሥር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ እንደ ተማሪ ደብተር።

ያ ሰው እንደሚናገረው ነበር የሚጽፈው።

ያን የመጨረሻ እሁድ ለብቻው ያስቀመጠው ሬዚስተር አሁንም የክብሪት ቀፎ ውስጥ ነበር። ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ጥቁር። እሱን በየድኩት። ብየዳዬ የሚያምር አይደለም፣ ግን ይዟል።

የደረጃችን አምፖል ከተቃጠለ ወራት ስላለፉ እዚያ በቀትርም ጨለማ ነው። በማግስቱ በስድስት ሰዓት፣ ስትሞከር እንዲያይ የጠራሁት ጠጋኝ እያለከለከ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ፣ ሣጥኗን በር ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩት። ብርሃኑን በቀጥታ እንዳያይ ነግሬው ሶኬቱን ሰካሁ።

ነጥቧ በራች። እንደ ፊተኛዋ ትደምቅና ትደበዝዝ ይሆን ብዬ እስከ ሁለት መቶ ቆጠርኩ፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ሹፌሩ ይዟታል። ሞተሮቹን ስለቃቸው ነጥቧ ተዘረጋች፣ ቀለበት ሆነች፣ ቀለበቱ ታጠፈና ስምንት ቅጠል ያለው ቀይ አበባ ከደረጃው መደገፊያ እስከ ጣሪያው ድረስ ግድግዳውን ሞላው። ጎረቤቶች በየበራቸው ብቅ አሉ። አንዷ ወይዘሮ እልል አለች። ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ብሏት መሐል ላይ ልታቆም ስትል፣ እኔ ተቀበልኳት።

ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ሬዚስተሩን አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየ።

"ብርቱካን ነው እንዴ?"

"ቡርቱካን" አልኩት።

ትንሽ ካሰበ በኋላ፣ በእኔ ቡናማ ቢሆን ኖሮ ሦስት እጥፍ ነበር የሚያልፍባት፣ ወዲያው ነበር የምትቃጠለው አለ። ከዚያም ቃሉን አክብሮ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየው፣ እጅ ነሣ። ማንን እጅ እንደነሣ ግን አልተናገረም። ሲወርድ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ እሱም በቅርቡ ቀለሞቹ እየተምታቱበት መሆኑን ቀስ ብሎ ነገረኝ።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጠመንጃ ያዥ እሄዳለሁ፤ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጬ የሬዚስተር ቀለም አነብለታለሁ።